በአርባው ቀን ማዕዴ ላይ ለተቀመጡት የምክር ቤት አባል

ለክቡር አናቶሊ ሃራሲሞቪች ስቴብሊና
የዩክሬን ምክር ቤት አባልና የወረዳችን ተመራጭ
ኪየቭ

እጅግ የተከበሩ አናቶሊ ሃራሲሞቪች፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት ላይ እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። ጉልበትዎ አይዛል፣ ድምፅዎ አይሰለል፣ በረዶ ላይ አያዳልጥዎ፤ ወደ እኛ በሚመጡበት ጊዜም የመኪናዎ ጎማ በጭቃችን አይያዝ። እኛ የክሪቫ ባልካ ሰዎች ደኅና ነን። ባለፈው በጋ ስንቆጠር መቶ ስልሳ ሦስት ነበርን፣ ከዚያ ወዲህ የቀበርነው ሁለት ሰው ብቻ ነው።

ምናልባት ባያስታውሱኝ፣ ስሜ ፌዶሲያ ትሮሂሚቭና ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ስኳር በሚወጣበት የሥር ተክል ማሳ ላይ፣ ከዚያም አሥራ አንድ ዓመት በመንደራችን ቤተ መጻሕፍት በጽዳት ሠርቻለሁ። የተማርኩት እስከ ሰባተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን አቧራ ስጠርግ ከመደርደሪያው ላይ እያነሳሁ አነበብኩት። ስለዚህም ስድሳኛ ዓመትዎን ምክንያት አድርገው ስለ ሕይወትዎና ስለ ሥራዎ ያሳተሙትን መጽሐፍ ሦስት ቅጂ ለቤተ መጻሕፍታችን ስለላኩልን በመንደሩ ስም አመሰግናለሁ። ቤተ መጻሕፍቱ ማሞቂያው ተቋርጦበት ካለፈው ዓመት ጀምሮ ተዘግቷል፤ ስለዚህ ሦስቱም ቅጂዎች እኔ ቤት ናቸው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ አንብቤያለሁ። በወረዳው ይህን ያደረግሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። መጽሐፉ ሁለተኛ ጊዜ የሚታተም ከሆነ ይጠቅምዎት እንደሆነ በማለት ጥቂት እርማቶችን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ። በገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ፣ የኮሚኒስት ወጣቶች ማኅበር የወረዳ ጸሐፊ በነበሩበት ዘመን እንኳ እምነትዎን በልብዎ ሸሽገው እንደያዙ ጽፈዋል። እውነት ነው፣ በሚገባ ሸሽገውታል። በፋሲካ ዋዜማ በጎረቤት መንደር ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ደብተር ይዘው ቆመው፣ የፋሲካ ዳቦ ሊያስባርክ የሚገባውን ሰው ስም ሲመዘግቡ አማቴ አራተኛ ነበረች። በሳምንቱ ከወተት ማለቢያው አንስተው ፍግ ጠረጋ አስገቧት። ከሃያ ዓመት በኋላ የዚያኑ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት በወርቅ ቀለም አስቀብተዋል፣ ስምዎም ደወሉ ላይ ተቀርጿል። በዚያ በር ላይ ከእርስዎ የበለጠ ሰዓት የቆመ ምእመን አላውቅም።

ሁለተኛ። ገጽ አርባ ሰባት የስኳር ፋብሪካውን ከጥፋት እንዳዳኑት ይናገራል። ፋብሪካው በሦስት በጋ ተቆራርጦ፣ ብረቱ በከባድ መኪና ተጭኖ ሲሄድ አይተናል። ባለቤቴ ኦፓናስ እዚያ ዕድሜውን ሙሉ የእንፋሎት ጋን ጠባቂ ስለነበር በአጥሩ ቀዳዳ ቆሞ ያይ ነበር፤ ለምሳ ስጠራው እንኳ አይሰማም። የተረፈው ጭስ ማውጫው ብቻ ነው፣ አናቱ ላይ ሽመላ ጎጆ ሠርቷል። ያዳኑት ሽመላውን ከሆነ ገጹ እርማት አያስፈልገውም።

ሦስተኛ። በገጽ ሰባ አንድ ላይ «አቋሜን ለውጬ አላውቅም» ብለዋል። የተለዋወጡት አራቱ ፓርቲዎች ናቸው።

አራተኛ። ገጽ ሰማንያ ስምንት ላይ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር አለች፤ «በመጀመሪያው ምርጫ ሕዝቡ ድምፁን ሰጠኝ» ትላለች። ይህችን ለማረም ከእኔ የተሻለ ሰው አይገኝም። ከሰባት ዓመት በፊት፣ በዚያ ምርጫ፣ የመንደራችን ምርጫ ጣቢያ ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። ጸሐፊ የሆንኩት የእጅ ጽሑፌ ያምራል ተብሎ ነው። ሰብሳቢያችን የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ፓቭሎ ኩዝሞቪች ነበሩ፤ ዛሬ በሕይወት የሉምና ክፉ አልናገርባቸውም።

ጠዋት፣ የመጀመሪያው መራጭ ገና በሩን ሳይከፍት፣ ፓቭሎ ኩዝሞቪች የቆጠራው ውጤት የሚሞላበትን ቅጽ አሥራ ሁለት ቅጂ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። ሁሉም ባዶ ነበር። ከሥሩ ግን የየራሳችን ስም ስለነበር እንድንፈርም ጠየቁን። በእኛ አገር በምርጫ ጣቢያ የሠራ ሰው ልማዱን ያውቀዋል። ፊርማው አስቀድሞ ይሰበሰባል፣ ቁጥሩ በኋላ ይገባል፤ ሰው ከቆጠራው በኋላ ደክሞት እንዳይንገላታ፣ ወረዳው ቅጹን ስህተት አለበት ብሎ ሲመልሰውም አሥራ አምስት ሰው ከየቤቱ እንዳይለቀም ነው። እንደ ደግነት ነው የሚቆጠረው። እስክሪብቶውን ይዤ ትንሽ ስዘገይ ሰብሳቢው «ፌዶሲያ ትሮሂሚቭና፣ ምን ያስጨንቅዎታል፣ የጋብቻ ውል አይደለም እኮ» አሉኝ። ሰዎቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁና አሥራ ሁለቱንም ፈረምኩ።

ድምፁ ሲቆጠር የእርስዎን ክምር የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ዘጠና አራት ነበር። ዘጠና አራቱ ሰዎች የመረጥዎት በገዛ ፈቃዳቸው ነው፤ ከምርጫው በፊት ፎቶዎ የታተመበት የግሬችካ እህል ከረጢት በየቤቱ ስላደሉ አይደለም ብዬ ለማመን እሞክራለሁ። ግሬችካው ጥሩ ነበር፣ ቶሎ ይበስላል። በማግስቱ በወረዳው ሰሌዳ ላይ የተለጠፈው ግን መቶ ዘጠና አራት ነው። ከፊቱ አንዲት ጭረት ተጨምራለች። ከሥሩ የእኔ ፊርማ አለ፣ እንደተለመደው ያምራል። እርስዎ በወረዳው ሁሉ ያሸነፉት በስልሳ አንድ ድምፅ ነው።

ለማንም አልተናገርኩም። ኦፓናስ ውጤቱን በወረዳው ጋዜጣ ላይ አይቶ መነጽሩን አደረገ፣ ደግሞ አነበበው፣ ከዚያ «ፌንያ፣ ይሄ ቁጥር ልክ ነው?» አለኝ። ልክ ነው አልኩት። ጋዜጣውን አጥፎ ምድጃው አጠገብ አስቀመጠው። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ሙሉ አልጠየቀኝም።

አምስተኛ። ይህ እርማት ስለ ገጽ መቶ አርባ ሦስት ነው፤ ረዘም ስለሚል ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ባለፈው ዓመት በሴፕቴምበር፣ ድንች ስንቆፍር፣ ኦፓናስ አካፋውን ተደግፎ ቆመ፣ ከዚያ ተቀመጠ። የጤና ኬላችን ነርስ ራይሳ ማካሪቭና በብስክሌት በስድስት ደቂቃ ደረሰች። መርፌ ወጋችው፣ ከምላሱ ሥር ክኒን አደረገችለት፣ ወደ ወረዳው ደወለች። አምቡላንሱ እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ፈጀ፤ ሲደርስም የሚሠራው ነገር አልነበረም። ነገር ግን እነዚያን ሁለት ሰዓቶች ራይሳ ሰጥታናለች፤ ያለ እሷ ሁለት ደቂቃም አይኖረንም ነበር። ኦፓናስ ትንንሾቹን ድንቾች ለዘር እንዳስቀር ነገረኝ። መሰላሉን ጎረቤታችን ቶዶስ ወስዶታልና እንዳልረሳው ነገረኝ። ከዚያ አየኝ። ስለዚያ ቁጥር ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልጠየቀም። እኔም አልነገርኩትም። ሁለት ሰዓት ብዙ ጊዜ ነው፤ ሰው ከፈለገ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገርበታል።

በአርባኛው ቀን ተዝካሩን ደገስን። ሐሙስ ነበር። ለተዝካር ማንም አይጠራም፣ የመጣም አይመለስም፤ እርስዎም ከረዳትዎ ጋር መጡ። ምርጫ መቃረቡን ያስታወሱ ሰዎች ነበሩ፤ እኔ ግን ስለ ነፍሱ እንደመጡ አድርጌ ተቀብዬዎት ከሥዕለ አድኅኖው ሥር አስቀመጥኩዎት። በማር የራሰውን ስንዴ ሦስት ማንኪያ ቀመሱ፣ ሥርዓቱን አሳምረው ያውቃሉ። ዓሣው ሲቀርብ ግን ሹካ ጠየቁ። ቶዶስ «አናቶሊ ሃራሲሞቪች፣ በተዝካር ሹካ የሟቹን ነፍስ ይወጋል። ዛሬ በማንኪያ ይቻሉት፤ ሹካውን ኪየቭ ይጠቀሙበታል» አለዎት። እርስዎም ሳቁ፤ ሰውም ሳቀ፤ አልተከፋሁም፣ ኦፓናስም ይስቅ ነበር።

ከዚያ ተነሥተው ተናገሩ። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፣ አርባ ሦስት ሰውም ያስታውሰዋል፤ «ይህ ሰው በሰላም የተሸኘው በጤና ኬላችሁ ምክንያት ነው። እኔ በምክር ቤት እስካለሁ ድረስ ያንን ጤና ኬላ ማንም አይነካውም» አሉ። ሴቶቹ አለቀሱ። ራይሳ ማካሪቭና ተነሥታ ሾርባዎን ደግማ ሞላችልዎት። ረዳትዎ ፎቶ አነሡ።

ይህ ፎቶ ነው በገጽ መቶ አርባ ሦስት ላይ የወጣው። ጥሩ ወጥተዋል። «ከመራጮቼ ጋር በኀዘናቸው» የሚል ጽሑፍና ቀኑ ከሥሩ ታትሟል፤ ይህን ያህል ጠንቃቃ ስለሆኑ አመሰግናለሁ። ከትከሻዎ በላይ የግድግዳ ሰዓቴ ይታያል። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሃያ ይላል። እሑድ እሑድ የምሞላው ሰዓት ነው፣ አይሳሳትም።

የምክር ቤቱ አባላት በየስማቸው የሰጡት ድምፅ ለሕዝብ ክፍት እንደሆነ ያነበብኩት ከጋዜጣ ነው። በመንደራችን ከኢንተርኔት የተገናኘ ኮምፒውተር ያለው በጤና ኬላው ብቻ ስለሆነ፣ ራይሳን አስፈቅጄ ከበሽተኞቹ ጀርባ ተቀምጬ ፈለግሁት። የትናንሽ መንደሮችን ጤና ኬላዎች የሚያጥፈው ሕግ የጸደቀው በዚያው ሐሙስ ነው። ሕግ ለማለፍ ሁለት መቶ ሃያ ስድስት ድምፅ ይፈልጋል፤ ይህኛው ያለፈው በሁለት መቶ ሃያ ስድስት ነው፣ አንድም አልተረፈም። ሰዓቱ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሃያ ሁለት። ከዝርዝሩ ውስጥ፤ ስቴብሊና አናቶሊ ሃራሲሞቪች፣ ድጋፍ።

ስሌቱን ደጋግሜ ሠርቻለሁ። እርስዎ በእኔ ማንኪያ እየበሉ፣ ጤና ኬላውን ማንም አይነካውም ብለው በተቀመጡ በሁለተኛው ደቂቃ፣ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ በምክር ቤቱ ያለው የድምፅ መስጫ ካርድዎ ዘጋው። በእናንተ አዳራሽ ላልመጣ ባልደረባ የድምፅ ቁልፍ መጫን «ፒያኖ መጫወት» ይባላል አሉ። በዚያ ቀን ማን እንደተጫወተልዎት አላውቅም። ምን እንደተጫወተ ያወቁ እንደሆነም አላውቅም፤ ምናልባት እርስዎም ያኔ ሾርባው ላይ ነበሩ።

እንደማልፈርድብዎት ይረዱልኝ። የሚፈርድብዎት ሌላ ሰው መሆን አለበት። እኔም ስሜን አንድ ቦታ ትቼ ሄጃለሁ፤ ስሜ ያለ እኔ ሥራውን ሠርቷል። ሲሠራ ምን እንደሚሰማ ልነግርዎት እችላለሁ፤ ምንም አይሰማም። ሰው ቤቱ ገብቶ ድንች ይልጣል።

ስድስተኛ። ይህ እርማት አይደለም፣ ልመና ነው።

ጤና ኬላችን አፕሪል አንድ ቀን ይዘጋል። ራይሳ ማካሪቭና ወደ ወረዳው ከተማ እንድትዛወር ታዛለች፣ ዕቃዋን ማሰር ጀምራለች። ማርችና አፕሪል መንገዳችን የሚጠፋበት ወራት መሆኑን ያውቃሉ፤ አውቶቡሱ እስከ ትልቁ መንገድ ብቻ ይመጣል፣ ከዚያ ሰባት ኪሎ ሜትር ጭቃ ነው። ከመቶ ስልሳ አንዱ ሰው መቶ አሥራ ሁለቱ ከስድሳ ዓመት በላይ ነን። ቶዶስ ስኳር በሽተኛ ነው። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ኢንሱሊኑን በየጠዋቱ የምትወጋው ራይሳ ናት። እንዴት እንደሚሆን ስጠይቀው «ምን ችግር አለው፣ ለአናቶሊ ሃራሲሞቪች እደውላለሁ፣ እሳቸው በሌሉበት መሥራት ያውቁበታል» አለኝ። ቶዶስ እንዲህ ሲቀልድ ፈርቷል ማለት ነው። እኔም መርፌ መውጋት በብርቱካን ላይ እየተለማመድኩ ነው፤ ዓይኔ ግን እንደ ድሮው አይደለም።

በጋዜጣ ላይ የሕግ ጥያቄ ለሚመልሱት ጠበቃ ጽፌ ነበር፣ በደግነት መልሰውልኛል። አርባ ሦስት ምስክርና አንድ ፎቶ ብዙም ዋጋ እንደሌለው ነግረውኛል። ነገሩ የሚከፈተው የምክር ቤቱ አባል ራሱ «በዚያ ሰዓት በአዳራሹ አልነበርኩም፣ በስሜ የተሰጠው ድምፅ የእኔ አይደለም» ብሎ ለአፈ ጉባኤው ሲጽፍ ነው አሉኝ። ያኔ ሁለት መቶ ሃያ አምስት ይሆናል። የተማርኩት እስከ ሰባተኛ ቢሆንም ሁለት መቶ ሃያ አምስት ከሁለት መቶ ሃያ ስድስት እንደሚያንስ አውቃለሁ። የምለምንዎት ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሐሰት አይጻፉ አላልኩም፣ መጽሐፍዎንም እንዲሰበስቡ አልጠየቅሁም። መጽሐፍዎ ላይ በፎቶ ያስመሰከሩትን ነገር በአንድ ወረቀት እንዲደግሙት ብቻ ነው።

ስጠይቅዎ ባዶ እጄን አይደለሁም። የራሴን ዓረፍተ ነገር ባለፈው ሰኞ ወረዳ ድረስ ወስጄ ሰጥቻለሁ። ባዶ ቅጽ ላይ መፈረሜን፣ ዘጠና አራት መቁጠሬን፣ መቶ ዘጠና አራት አይቼ ዝም ማለቴን ጽፌ ለመርማሪው አቀረብኩ። ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ ወንበር ሰጠኝ። አንብቦ ሲጨርስ «እማማ፣ ይሄ ከአምስት ዓመት በላይ ሆኖታል፣ በሕግ ጊዜው አልፎበታል። ደግሞ ሰው በዚህ ከታሰረ፣ ምርጫ ጣቢያውን የሚያሠሩት እነሱ ናቸውና፣ መምህር የሚባል ሰው በአገሩ አይተርፍም። ቤትዎ ይግቡ» አለኝ። አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ። አውቶቡስ እስኪመጣ ጣቢያው ላይ ተቀመጥኩ። ቀሎኝ እንደሆነ ራሴን ጠየቅሁ፤ አልቀለለኝም፣ አልከበደኝም። ለመርማሪው መንገር ለኦፓናስ መንገር አይደለም። ግን ለእርስዎ ገና ጊዜው አላለፈብዎትም፤ አፕሪል አንድ እስኪደርስ አሥራ ዘጠኝ ቀን አለ። ይህን ያህል ጊዜ ለማንም አይሰጥም።

ክቡር አናቶሊ ሃራሲሞቪች፣ ለጉልላቱ፣ ለሽመላው፣ ለግሬችካው፣ በኀዘኔ ቀን ስለተናገሩት መልካም ቃል ያለኝን ምስጋና ደግሜ እያቀረብኩ፣ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ የታመመ ቢኖር ከቤትዎ አጠገብ ሐኪም አያሳጣዎ እያልኩ፣ ለክብርዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

የቀድሞ የምርጫ ጣቢያ ጸሐፊ፣ የቀድሞ የቤተ መጻሕፍት ጽዳት ሠራተኛ፣ የኦፓናስ ሚስት የነበርኩት

ፌዶሲያ ትሮሂሚቭና ሆርዲየንኮ
ክሪቫ ባልካ

ማስታወሻ፤ ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ፣ ቅጂውን ደግሞ ለጋዜጣው ልልክ ስል ረዳትዎ ቤቴ ድረስ መጡ። ወደ መርማሪው መሄዴን ሰምተዋል፤ ስለ ጤንነቴ ጠየቁ፣ ስለ ኦፓናስ አዘኑልኝ። ከዚያ ባዶ ወረቀት አውጥተው ከሥሩ ላይ እንድፈርም ለመኑኝ። ጽሑፉ ኪየቭ ውስጥ በሚገባ ተዘጋጅቶ እንደሚሞላ፣ የእኔን ድካም ለመቀነስ እንደሆነ አስረዱኝ። ወረቀቱ ጥሩ ወረቀት ስለሆነ ተቀበልኳቸው። እሳቸው ሻያቸውን እስኪጨርሱ፣ እርስዎ በዚያ ሐሙስ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሃያ ሁለት ላይ የት እንደነበሩ፣ ምን እንደበሉና ምን እንዳልተጫኑ በሚያምር ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ሞላሁበትና መልሼ ሰጠኋቸው። የቀረው ፊርማ ብቻ ነው፤ እሱም የእኔ አይደለም።